«ታማኝ» የተባለው ቀይ

ዛሬ ጠዋት ከንፈርሽን የቀባሽው ምንድን ነው? መልኩን አይደለም፤ መልኩማ ከመንገድ ማዶም ይታያል። ውስጡ ምንድን ነው? አታውቂውም። አንተም ጥግ ይዘህ አትሳቅ፤ የሳምከውን አታውቀውም፣ ግማሹንም ውጠኸዋል። ሰው ለመኪናው የሚሞላውን ዘይት በስሙና በቁጥሩ እየጠራ ይመርጣል። ጨርቅ ሲገዛ በጣቱ አሽቶ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ነው። አፉ ላይ ለሚቀባው ሲሆን ግን «ቀይ ስጪኝ» ይላል፣ ቀይ ይሰጡታል፣ አለቀ። እንግዲያው የአንዱን ቀይ ነገር ስሚ። የሠራችው ሴት መሃይም ብትሆን ኖሮ «ባለማወቅ ነው» ተብሎ ይታለፍላት ነበር። ግን የተማረች ናት።

ቀማሚዋ ነው የሚሏት፤ በሥራዋ። ልጅ ሳለች እናቷ ለጎረቤቱ ሁሉ «ይህችን ልጅ ቀለም ይዘልቃታል» እያለች አሳደገቻት፣ እውነትም ዘለቃትና ኬሚስትሪ አጥንታ ተመረቀች። ታላቅ ወንድሟ የከንፈር መዋቢያ መሥሪያ ከፍቶ ጠበቃት። እሱ አፍ አለው፣ እሷ እጅ አላት። «እኔ እሸጣለሁ፣ አንቺ ትቀምሚያለሽ» አላት። ጋሼ ነው የምትለው፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ የአባትም የወንድምም ቦታ የያዘው እሱ ነው።

መሥሪያው የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። ፊተኛው ክፍል ማሸጊያ፣ የኋለኛው ማቅለጫ። በማቅለጫው ክፍል አየሩ ራሱ ሰም ሰም ይላል፤ ወለሉ በተንጠባጠበ ዘይት ስለሚያዳልጥ እሷ ስትራመድ እንደ ዳክዬ ናት እያሉ ይስቁባታል። አዲስ ሸቃጭ ሊጎበኝ በመጣ ቁጥር የምታስረዳው አንድ አባባል ነበራት፦ «ሰም ያቆመዋል፣ ዘይት ያስኬደዋል፣ ቀለም ያስወድደዋል፣ ሽታው ደግሞ ይዋሽለታል።» ሰሙ በርከት ሲል ቀጥ ብሎ የሚቆም ሊፕስቲክ ይወጣል። ዘይቱን ቀንሰሽ ዱቄቱን ስታበዢ ማት የሚሉት ይሆናል፤ አያብለጨልጭም፣ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ከንፈርን ግን እንደ ብራና ያደርቃል። ሰሙን ትተሽ በወፍራም ዘይት ብቻ ስትሠሪው ሊፕ ግሎስ ነው፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ፀጉር ይለጠፍበታል። ቀለሙን ጨርሶ ስታወጪው የከንፈር ቅባት ይሆናል፤ ወንዶች ሳያፍሩ የሚቀቡት እሱን ነው። ሰሙ ሲጠነክር ደግሞ እርሳስ ይሆንና የከንፈርን ዳር ያሰምራል።

ቀዩ ከየት ይመጣል ሲሏት «ዝገት ነው» ትላለች። ይስቃሉ፤ ቀልድ ይመስላቸዋል። ቀልድ አይደለም። ታጥቦ፣ ተጣርቶ፣ ደቅቆ የተዘጋጀ የብረት ዝገት ነው። ሌላም ቀይ አለ፤ ቁልቋል ላይ ከሚለቀም ተባይ ተጨፍልቆ የሚወጣ፣ ከዝገቱ ይልቅ የደመቀ። እሱን ግን አትናገርም። «ተባይ መሆኑን ካወቁ ማን ይገዛናል? እዚያ ላይ ዝም በይ» ብሏታል ወንድሟ። ዝም አለች። ሰው ዝምታን የሚለማመደው እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው፤ መጀመሪያ ማንንም በማይጎዳው ላይ፣ ኋላ በሚጎዳው ላይ።

ሁለቱም ቀዮች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ዘይት ውስጥ አይሟሙም። በጉሎ ዘይት ተለውሰው በመፍጫው ሲሊንደሮች መካከል እየተመላለሱ ካልደቀቁ ከንፈር ላይ አሸዋ ይሆናሉ። መፍጫው ደግሞ ሲንጫጫ ጥርስ ያንቀሳቅሳል። ቀማሚዋ ግማሽ ዕድሜዋን እሱ ላይ ያጠፋች ይመስላታል፤ ወንድሟም ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ «አንቺ መፍጨት፣ መፍጨት! ሌላው ሰው ሸጦ ጨረሰ፣ አንቺ ገና ትፈጫለሽ» ይላታል። ግን የዚያ ድካም ጥቅሙ ይህ ነው፦ እንዲህ የተፈጨ ቀለም ከንፈር ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ሶፍት ሲነካው ይነሳል።

የለመዱት አቅራቢ ቀይ አለቀብኝ ያለ ጊዜ ቀማሚዋ ለሌላ ደወለች። በእነሱ መሥሪያ «ዘይት የሚወድ ቀለም» ማለት በዘይት ሲለወስ ቶሎ የሚርስ፣ የማይጓጉል ዱቄት ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ልማዷ «ቀይ ቀለም ፈልጌ ነበር፤ ዘይት የሚወደውን» አለችው።

«ዘይት የሚወደውማ ሞልቷል» አላት። ለምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም።

ቆርቆሮው መጣ። ከፈተችው። ዱቄቱ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው። በጉሎ ዘይት ልትለውሰው ማንኪያውን ከተተችና ቆማ ቀረች። ዱቄቱ የለም። መፍጫው ገና አልተነሳም፣ እሷ ገና ሁለት ጊዜ እንኳ አላማሰለችም፣ ዘይቱ ግን ወለል ብሎ ቀልቶ እንደ ቀይ ብርጭቆ የድስቱን ታች ያሳያል። ሟሟ። የእጇን ጀርባ በጠብታው ነካ አደረገችና በሶፍት ጠረገችው፤ አልሄደም። በሳሙና አጠበችው፤ አልሄደም። በአልኮል ፈተገችው፤ ቆዳዋ ቀላ፣ ነጥቡ ግን እዚያው ነው።

ያን ጊዜ አወቀች። «ጠረጠረች» የሚል ካለ ይተው፤ የተማረን ሰው ከጥፋቱ ለማዳን የሚፈለሰፍ ቃል ነው። ዘይት ውስጥ የሚሟሟና ቆዳ ውስጥ የሚሰርግ ቀለም ለአፍ እንዳልተሠራ ይህች ሴት ታውቃለች። የት እንደሚውል ላታውቅ ትችላለች፤ የት እንደማይውል ግን አሳምራ ታውቃለች።

ወንድሟ ገባ። «ምነው መፍጫው ዝም አለ? ዛሬ ተኛ እንዴ?»

«ጋሼ፣ ይሄ ቀለም የኛ አይደለም መሰለኝ። እይ፣ አይለቅም።»

እጇን ይዞ አገላበጠው። ነጥቡን በአውራ ጣቱ ፈገፈገው፣ ምራቁን እንትፍ ብሎ ደግሞ ፈገፈገው። ፊቱ በራ። «አይለቅም?»

«አይለቅም።»

«አንቺ! ሴቱ ሁሉ የሚያለቅሰው በምን ሆነና? ብርጭቆ ላይ ቀረ፣ ትራስ ላይ ቀረ፣ የባሌ ሸሚዝ ላይ ያለው የማናት እያለ አይደለም እንዴ? ይኸው በእጅሽ ይዘሽዋል!»

«ምንነቱን ልጠይቅ። ሰውየው ጋ ልሂድ።»

«ሂጂ! ማን ያዘሽ? ግን ቅመሚና ሂጂ። ሱቆቹ አንገቴን ይዘውኛል።» ወደ ድስቱ ጎንበስ ብሎ አየና ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። «እኔ እኮ ሁሌም የምለው ነው፣ ቀለም የዘለቃት እህት ያለው ሰው አይወድቅም። በይ ስም አውጪለት።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ አፍ ምስጋና ለምናለች። መፍጫው ዝም ብሏል፤ ወገቧ አልተቆረጠም፤ ጋሼ ጀርባዋን መትቷታል። ሳቀች፣ እያፈረችም «ታማኝ» አለች።

«ታማኝ! አቤት ምላስሽ!»

ሰም አቀለጠች፣ ቀዩን ዘይት ጨመረች፣ ቫኒላ ጠብ አደረገች፣ በቅርጹ አፈሰሰች። ሲቀዘቅዝ አወጣችውና ላዩን በጋዝ ነበልባል አጠገብ ሽው አድርጋ እንደ መስታወት አበራችው። አቅራቢው ጋ አልሄደችም። በማግስቱም አልሄደች። እጇ ላይ ያለው ነጥብ እስኪጠፋ ጓንት አደረገች።

*

«ታማኝ»ን ከተማው ያወቀው በሳቂታ አፍ ነው። ሳቂታ የቀማሚዋ አብሮ አደግ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፣ በአንድ ትሪ በልተዋል። አሁን በገበያው ሕንፃ ደረጃ ሥር የመዋቢያ መደብ አላት። ስሟን ያገኘችው በሳቋ ነው፤ ስትስቅ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። የምትሸጠውን ሁሉ መጀመሪያ ራሷ ትቀባዋለች። «ለራሴ አፍ ያልሆነ ለሰው አፍ አይሆንም» ትላለች። እንግዲህ ይህን የምትለው ያልተማረችው ናት።

«እትዬ፣ ይሄን ይሞክሩ! ባልዎ ቢለቅዎት እንኳ ይሄ አይለቅዎትም!»

«ባሌማ ቀድሞ ለቀቀኝ፤ እስኪ የሚቀር ነገር ስጪኝ።»

«ይኸው ታማኝ! ከሱ የሚለየው ዝም ማለቱ ነው!»

ደረጃው በሳቅ ይናጋል። ሴቶቹ ይቀባሉ፣ ሻይ ጠጥተው ብርጭቆውን ያያሉ፣ ንጹሕ ነው፣ ሌላዋን ይጠራሉ። ቀማሚዋ ወደ ቤቷ ስትሄድ በአውቶቡስ ውስጥ፣ በባንክ መስኮት፣ በትምህርት ቤት በር ላይ የራሷን ቀይ ታየው ጀመር። አንድ ሰሞን ደስ አላት። ማፈር የሚገባት ያኔ ነበር፤ ያኔ ግን ኩራት ቀድሞ ቦታውን ይዞት ነበር።

መጀመሪያ ማሳከክ መጣ። ቀጥሎ መላጥ፣ ቀጥሎ ማበጥ። የሳቂታ ከንፈር ዳርና ዳሩ ተሰነጠቀ። ታዲያ ምን አደረገች? ነጋዴ ናትና ስንጥቁ እንዳይታይባት በላዩ ላይ «ታማኝ»ን ደግማ ቀባች።

ቀማሚዋ ይህን በሰማች ቀን ወደ አቅራቢው ሄደች። መጋዘኑ ከፊቱ ሻማ ሰሪዎች ተሰልፈውበታል። ሰውየው ፊቷን ረስቶታል፣ ድምፅዋን ግን አወቀው።

«ዘይት የሚወደውን የወሰድሽው ነሽ! እንዴት ነው፣ አበራልሽ? ደግሞ ትፈልጊያለሽ?»

«ምንነቱን ልጠይቅህ ነበር።»

«ለምንድን ነው ያዋልሽው?»

«ለከንፈር።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የጫማ ነው። የጫማ ቀለም የሚሠሩ ናቸው የሚወስዱት፣ ሻማ የሚያቀልሙም አሉ። ዘይት የሚወደውን አላልሽም? በኛ ቤት ዘይት የሚወደው እሱ ነው።»

«ቀለም ስልህ...»

«ቀለም ስትይኝ ቀለም ሰጠሁሽ! የከንፈርም ቀለም ነው፣ የጫማም ቀለም ነው፣ የግድግዳም ቀለም ነው። ለአፍ ብትይኝ ኖሮ በር እዘጋብሽ ነበር። ቆዳ ይዘልቃል እኮ! የበሬ ቆዳ የዘለቀ የሰው ከንፈር ያቅተዋል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።»

የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ አልጨረሰላትም፤ አዘነላት። ያ ሐዘኔታ ከስድብ ይልቅ አንገበገባት። ወደ መንገድ ስትወጣ የሰው አፍ ማየት አቃታት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስታወራ የሰው ትከሻ ላይ ነው የምታየው። የትኬት ቆራጯ ከንፈር፣ የነርሷ ከንፈር፣ ልጇን በእጇ ይዛ የምትሻገረው ሴት ከንፈር፤ ሁሉም አንድ ነገር ሊናገር የተከፈተ ይመስላታል። የጫማ ቀለም ቀብታቸዋለች። እናቷ ቀለም ይዘልቃታል ያለቻት ልጅ።

*

ማታ እራት ላይ ለወንድሟና ለእናቷ ነገረቻቸው። ወንድሟ ማንኪያውን አስቀመጠ። በሩ መዘጋቱን ዞሮ አየ።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ጎሽ። ከነገ ጀምሮ አይሠራም። የቀረውን ሰብስበን እናቀልጠዋለን። ሰው ይረሳል።»

«ሳቂታ ከንፈሯ ተልጧል ጋሼ። አንተ አላየሃትም።»

«እሷ ፀሐይ ላይ አቆይታው ነው። ወይ ከሌላ ርካሽ ነገር ጋር ቀላቅላዋለች። ደረጃ ሥር የሚሸጥ ነገር ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል?»

«ሳቂታ ናት እኮ! እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያደገች!»

«ለዚህ ነዋ ጥፋቱን የምትችልልን» አለ ወንድሟ። ሲናገር ጭካኔ የለበትም፤ የምር ያመነበት ይመስላል። «የባዕድ ሰው አይችልልንም።»

እናቷ ከንፈሯን መጠጠች። «ልጄን! አብረን ያሳደግናት ልጅ። አይ መከራ።» ከዚያ የቀማሚዋን እጅ ያዘች። «ቢሆንም የሆድን በሆድ ነው ልጄ። ገመና አደባባይ ቢወጣ ወንድምሽ ብቻ አይደለም የሚዋረደው። እኔም በምን ዓይኔ ከሰው እቀላቀላለሁ? የአባትሽ ስም ነው በር ላይ የተለጠፈው።»

ገመና! ስንቱ ወንጀል ይህን ቃል ለብሶ ቤቱ ገባ! ቃሉ ጥሩ ነበር፤ የሰውን ድካም ለመሸፈን የተሠራ ነበር። የገዛ ጥፋትን ሸፍኖ የሰውን ገላ ለማራቆት አልነበረም። ቀማሚዋ ግን ይህን አልተናገረችም። እራቷን በላች።

ሳቂታ ሻይ ቤት ጠራቻት። አፍንጫዋ ድረስ በሻርፕ ተሸፍናለች፤ ሻይዋን ሻርፑን ዝቅ አድርጋ በቀጭን ቱቦ ነው የምትስበው። ያኔ ገና ትናገራለች፣ ቀስ እያለች።

«አታስቂኝ እሺ? ስስቅ ይከፈታል» አለቻት ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ብዬ አስቅሻለሁ?»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ አረማመድሽ ራሱ ያስቃል፣ ዳክዬ።» ዓይኖቿ ሳቁ፣ ከዚያ ከሕመሙ የተነሳ እንባ አቀረሩ። «ስሚኝ እቴ። ሴቶቹ እየተመለሱ ነው። ሐኪሙም ውስጡ ምን እንዳለ አምጪ ብሎኛል። ወንድምሽን ብጠይቀው ስልክ አያነሳም። አንቺ ነሽ የምታውቂው። ውስጡ ምንድን ነው?»

ቀማሚዋ የሳቂታን ትከሻ እያየች መለሰች። «ሰም። የጉሎ ዘይት። ቀለም። ትንሽ ቫኒላ።»

«ሌላ የለም?»

«ሌላ የለም።»

አየሽ? አንድም ቃል አልዋሸችም። ሰም ነበረው፣ የጉሎ ዘይት ነበረው፣ ቀለም ነበረው። ሐሰቱ በሙሉ በአንዲት «ቀለም» ውስጥ ተኝቷል፤ ሳቂታ የከንፈሩን ሰማች፣ እሷ የጫማውን ተናገረች። መሃይም ሲዋሽ ይንተባተባል፣ ይምላል፣ ይያዛል። የተማረ ሰው እውነት እየተናገረ ይዋሻል።

«እንግዲያው የኔ ከንፈር ነው ክፉው» አለች ሳቂታ። አመነቻት። ለሐኪሙም እንዲሁ ነገረችው፣ ሐኪሙም የሰምና የጉሎ ዘይት ቁጣ መስሎት ተራ ቅባት ሰጣት። ከንፈሯ ባሰ።

*

የገበያው ነጋዴዎች ማኅበር ስብሰባ የጠራው ሴቶቹ ደረጃው ሥር ተሰብስበው ከጮኹ በኋላ ነው። የቀማሚዋ ወንድም ግን ወደ ማኅበሩ ሰብሳቢ ደብዳቤ ሳይሆን ሰው ልኮ ጉዳዩን ጨርሶታል፤ ሳቂታ ዕቃ ቀላቅላ ሸጣለች ይባላል፣ በሕዝብ ፊት ይቅርታ ትጠይቃለች፣ መደቧን ትለቃለች። «አንቺ አጠገቤ ብቻ ተቀመጪ» አላት እህቱን። «ምንም አትናገሪም። የተማረ ሰው አጠገቤ ሲያዩ ይበቃቸዋል።»

አጠገቡ ተቀመጠች። አዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ሞልቶታል። ከፊት በኩል አፋቸውን በሻርፕ፣ በእጃቸው፣ በመሐረብ የያዙ ሴቶች ተደርድረዋል። ወንድሟ ማይክሮፎኑን ያዘና ጥሩ አድርጎ ተናገረ፤ አፍ አለው ተብሏል። ስለ ጥራት ተናገረ፣ ስለ አባቱ ስም ተናገረ፣ እህቱ ኬሚስት እንደሆነች ተናገረ። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ አያት። ፊቷ ከጆሮዋ ጀምሮ ሲቃጠል ተሰማት፤ ቀና ለማለት አንገቷ አልታዘዝ አላት።

ወንድሟ «በእህቶቻችን ላይ የደረሰው ጉዳት ያሳዝናል» ሲል አዳራሹ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። እንዴት ያለ ቀላል ሥራ ነው ከንፈር መምጠጥ! እጅ አያስነሳ፣ ኪስ አያስከፍት፣ ማንንም አያስቀይም። ምጥጥ አድርገሽ የሰውን መከራ ታወራርጃለሽ። የተሰነጠቀ ከንፈር ግን አይመጠጥም፤ ያማል። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ ለተጎዱት ከንፈር ያልመጠጡት የተጎዱት ብቻ ነበሩ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ሳቂታን አስነሳት። «በይ እህቴ፣ አታስረዝሚው። ቀላቅለሻል አልቀላቀልሽም? ይቅርታ ጠይቂና እንበተን።»

ሳቂታ ሻርፑን አወረደች። ፊት ያሉት ራሳቸውን ዘወር አደረጉ። ከንፈሯ ቅርፊት ሆኗል፤ ላይኛውና ታችኛው አይገጥሙም። ቀማሚዋ ያን ሁሉ ቀን ትከሻ ስታይ ቆይታ አሁን አፏን አየችው።

«እኔ» አለች ሳቂታ። «አልቀላቀልኩ...»

ቃሉ አላለቀላትም። «ም» ከንፈር ይፈልጋል፤ ከንፈርና ከንፈር ካልገጠመ «ም» የለም። ደግማ ሞከረች። «አልቀላቀልኩ... አልቀላቀልኩ...» ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

ከኋላ አንዱ ጮኸ። «ቀላቀልኩ ነው እኮ የምትለው! በቃ አመነች!»

«ምንድን ነው ያለችው?»

«ቀላቀልኩ አለች! ጻፈው!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው እጁን አነሳ። «እንግዲህ አምናለች፤ ይቅርታውን...»

«አልቀላቀለችም!»

ማን እንደጮኸ ሰው ሁሉ ዞሮ ፈለገ። ቀማሚዋ ራሷም የፈለገች ይመስል ነበር፤ መቆሟን ያወቀችው ወንድሟ ከወገቧ በታች ቀሚሷን ሲጎትታት ነው። «ተቀመጪ» አላት በጥርሱ። «አብደሻል? ተቀመጪ።»

«አልቀላቀለችም» አለች ደግማ፣ «ም»ዋን አጥብቃ። «እሷ የሸጠችው እኛ የሰጠናትን ነው። ቀለሙ... ቀለሙ የከንፈር አልነበረም። የጫማ ቀለም ነው።»

አዳራሹ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ከፊት መስመር አንዲት ሴት መሐረቧን ከአፏ አወረደችና «የምን?» አለች።

«የጫማ።»

የተነሳው ጫጫታ ሰብሳቢውን አስቀመጠው። ወንድሟ ቆሞ ሁለት እጁን ዘረጋ። «ወገኖቼ፣ ሥራ በዝቶባት ደክሟታል፤ እህቴ ናት፣ እኔ አውቃታለሁ...»

«ሻጩ ነው የተሳሳተው!» አለች ቀማሚዋ በጫጫታው ላይ። ድምፅዋ ቀጠነ፤ ወንድሟን አየችው፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠች እናቷን አየቻት፤ ዓይኗን ጨፍና አንድ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋለች እናት። «ቀለም አልነው፣ የጫማ ላከልን። እኛም ተታለን ነው። ያወቅነው ኋላ ነው፤ ሴቶቹ ከታመሙ በኋላ ሄጄ ስጠይቀው ነው ያወቅሁት። ሳቂታ ምንም አላጠፋችም። ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ጫጫታው በረድ አለ። ሰው ይህን ሊቀበለው ነው፤ ተሳስተው ነው፣ ተታለው ነው፣ ይቅርታም ጠየቁ። ወንድሟም ገባው፤ ቀሚሷን ለቀቀና «አዎ፣ እኛም ተታለናል» አለ በለሰለሰ ድምፅ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ላቡን ጠረገ። ቀማሚዋም ልትቀመጥ ጉልበቷን አጠፍ አደረገች። ግማሹን እውነት ተናግራለች፤ ግማሽ እውነት ደግሞ እንዴት ያለ ምቹ ወንበር ነው!

ሳቂታ ግን አልተቀመጠችም። አብሮ አደግ ናት። ይህችን ሴት አንድ ዴስክ ላይ ሆና ታውቃታለች፤ የሁለት ጠርሙስ ውኃን ልዩነት በማሽተት የምትለይ፣ የመምህሩን ስህተት ከሰሌዳው ላይ የምትለቅም ልጅ እንደነበረች ታውቃለች። እንዲህ ያለች ሴት እጇ የገባውን ነገር ሰው ሲታመም ነው ያወቅሁት ስትል፣ ሁሉም ቢያምን ሳቂታ አታምንም። በወንበሮቹ መካከል እየተላለፈች መጣች። ሰው እግሩን እየሰበሰበ አሳለፋት። ማይክሮፎኑን ከሰብሳቢው እጅ ወስዳ በቀማሚዋ ፊት ዘረጋችው።

በሁለት ጣቷ የታችኛውን ከንፈሯን ወደ ላይ ገፍታ ከላይኛው ጋር ገጠመችው። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። ደም በአገጯ ላይ ወረደ፣ «መ» ግን ወጣ፤ ጥርት ብሎ፣ አዳራሹን ሞልቶ ወጣ።

«መቼ?»

ቀማሚዋ የሳቂታን ትከሻ ፈለገች። ሳቂታ ጣቶቿን ከከንፈሯ ሳታነሳ ጎንበስ ብላ ፊቷን ከፊቷ ገጠመች፤ ከአፏ ውጭ የሚታይ ነገር አልተወችላትም።

«መቼ ነው ያወቅሽው? ሰው ሳይታመም ነው፣ ከታመመ በኋላ ነው? ለእኔ አይደለም። ወደ እነሱ ዙሪ። መልሺ!»